«ይቻላቸዋል»፤ በውጫሌ ውል ውስጥ ስላለ አንድ ተራ ቃል

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ በመጀመሪያ የሐይቅን ከተማ ያገኛል፤ ከዚያም የአምባሰልን ተራሮች በስተግራው እያየ ጥቂት እንደ ተጓዘ ውጫሌ ይደርሳል። ውጫሌ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን ከኢትዮጵያ አልፎ በአውሮፓ መዛግብት ውስጥ እንዲጻፍ ያደረገው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋራ በዚያ የተፈራረሙት ውል ነው። ውሉ የተፈረመበት ስፍራ ለይቶ ሲጠራ ይስማ ንጉሥ ይባላል።

ይህን ታሪክ ሁላችንም ከታናሽነታችን ጀምረን ተምረነዋል። በትምህርት ቤት የተነገረን በአጭሩ ሲገለጽ፣ በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው «ይችላሉ» ሲል ጣልያንኛው «ግዴታ አለባቸው» ይላል፤ አስተርጓሚ ተሳሳተ ወይም ኢጣልያኖች አታለሉ፤ ከዚህም የተነሣ አድዋ ሆነ የሚል ነው። የነገሩ መጨረሻ እውነት መሆኑ አያጠራጥርም። የመጀመሪያው ክፍል ግን እንደ ተነገረን አይደለም፤ ጣልያንኛው «ግዴታ አለባቸው» አይልምና። ስለዚህ የሁለቱን ቃላት ትርጕም፣ በመዝገበ ቃላት የተመዘገበውንም በሰው አፍ የሚነገረውንም፣ አንድ በአንድ መመልከት ጠቃሚ መስሎ ስለ ታየኝ ይህችን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። በነገሩ ላይ ከእኔ የበለጠ ዕውቀት ያላቸው መምህራንና ጓደኞች ስሕተት ቢያገኙ እንዲያርሙኝ እለምናለሁ።

አስቀድሜ ግን መንገዱ በሐይቅ በኩል ስለሆነ እዚያ ጥቂት ልቁም። ዛሬ «ሐይቅ» ስንል በየብስ የተከበበ ውሃ ማለታችን ነው። የግዕዝ መዝገበ ቃላት የተመለከተ ሰው ግን ቃሉ ዳርቻ፣ የባሕር ጠረፍ የሚል ትርጕም ያለው ሆኖ ያገኘዋል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም «ሐይቅ» ሲባል፣ በግዕዙ ፍቺ ከሄድን፣ ከውሃው ይልቅ የውሃውን ዳር የሚያመለክት ስም ነው። እንዲህ ከሆነ የጣናዋ «ባሕር ዳር» እና የወሎው «ሐይቅ» አንዱ በአማርኛ ሁለተኛው በግዕዝ አንድ ስም ይዘዋል ማለት ነው። ቃሉ ከዳር ወደ ውሃው መሻገሩም በእኛ አገር ብቻ የተደረገ ነገር አይደለም፤ እንግሊዞች ወንዝን የሚጠሩበት «ሪቨር» የተባለው ቃል «ሪፓ» ከተባለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ «ሪፓ» ማለትም የወንዝ ዳርቻ ነው። እንግዲህ የግዕዙን ፍቺ ብቻ ይዞ ዛሬ ወደ ሐይቅ የወረደ ሰው ውሃውን ዳርቻ ነው ሊል ነው፤ የዛሬውን ፍቺ ይዞ የግዕዝ ወንጌል የሚያነብ ደግሞ በዳርቻው የቆሙትን ሰዎች ውሃ ውስጥ ሊያቆማቸው ነው። የ17ኛውንም አንቀጽ ቃል ስንመረምር ማን፣ ለማን፣ በምን ጊዜ እንደ ተናገረው መጠየቅ የሚገባን ስለዚህ ነው።

ውሉ የተጻፈበት ጊዜ እንደሚከተለው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ወድቀዋል፤ ከዚያ እስከ ውጫሌ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን ለማጽናት ወደ ሰሜን እየገሠገሡ ነበር። ኢጣልያኖች ምጽዋን ከያዙ አራት ዓመት ሆኗቸው ወደ ደጋው ለመውጣት ይዘጋጁ ነበር። አንቶኔሊ እንግዳ ሰው አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1879 ጀምሮ በሸዋ ሲመላለስ የኖረ፣ የቤተ መንግሥቱን ወግ የተመለከተ፣ አማርኛም የለመደ ነበር። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት፤ ስለ ወሰን፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ጦር መሣሪያ ማሳለፍና ስለ ሌላም ይናገራል። 17ኛው በንባብ አጭር ከሚባሉት አንዱ ነው።

በዚህ አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ የሚናገረው ባጭሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ለሚፈልጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ለመላላክ «ይቻላቸዋል» ብሎ ነው። ቃሉን ልብ ብለን እንመልከተው። «ይችላሉ» አላለም። «ይችላሉ» ቢል ባለቤቱ ንጉሡ ናቸው፤ ኀይሉም ችሎታውም የእርሳቸው ነው። «ይቻላቸዋል» ግን «ተቻለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ባለቤቱ ነገሩ ሲሆን ንጉሡ በ«አቸው» ተመልክተዋል። ነገሩ ለእርሳቸው የሚቻል ነው፣ የተከፈተ ነው ማለት ነው። በአማርኛ በዚህ ዓይነት የሚነገሩ ግሶች ጥቂት አይደሉም፤ «ይበቃቸዋል»፣ «ያስፈልጋቸዋል»፣ «ይገባቸዋል» ማለትን የመሰሉ ናቸው።

የመጨረሻው፣ «ይገባቸዋል»፣ በተለይ መታየት አለበት። ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። «ደመወዝ ይገባዋል» ስንል መብቱ ነው ማለታችን ነው፤ «አባቱን ማክበር ይገባዋል» ስንል ግን ግዴታው ነው ማለታችን ነው። የምኒልክ ጸሐፊ በዚያ ዕለት «ይቻላቸዋል» በማለት ፈንታ «ይገባቸዋል» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ኢጣልያኖች በአማርኛው ጽሑፍም በቅን ሊከራከሩ ይችሉ ነበር፤ እኛም ዛሬ መልስ ባጠረን ነበር። ቅርጹ አንድ ነው፤ ርዝመቱም አንድ ነው። ጸሐፊው ግን መንታ ፍቺ ያለውን ትቶ አንድ ፍቺ ያለውን መረጠ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ለእንዲህ ያለው ልዩነት ጆሮው የሠላ ነው።

ነገር ግን «ቻለ» አንድ ፍቺ ብቻ አለው ሊባል አይቻልም የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱንም ነው። በመዝገበ ቃላት መጀመሪያ የሚገኘው ዐቅም ማግኘት የሚለው ነው። በሰው አፍ ግን ብዙ ተዘርግቷል። መከራን ታገሠ ለማለት «ቻለ» እንላለን፤ ታጋሹን ሰው «ቻይ» ብለን እናመሰግነዋለን፤ ያዘነውን «ቻል አድርገው» እያልን እናጽናናለን። የሌላውን ወጪ የሸፈነ ሰው «ወጪውን ቻለ» ይባላል፤ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ለብቻው መኖር የጀመረ ደግሞ «ራሱን ቻለ» ይባላል። በር ላይ ቆሞ «ይቻላል?» የሚል ሰው ስለ ዐቅም እየጠየቀ አይደለም፤ ፈቃድ እየለመነ ነው። በመስኮት በኩል «አይቻልም» የሚል ጸሐፊም ስለ ዐቅም አይናገርም። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ሯጩ ኀይሌ ገብረ ሥላሴ «ይቻላል» የሚለውን ቃል እንደ መፈክር አድርጎት ወጣቱ ሁሉ በየአጋጣሚው ሲለው ሰምተናል።

ከእነዚህ ሁሉ ለጉዳያችን አስቸጋሪው በቢሮ የሚነገረው ነው። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት አንድ ወረቀት ለማስፈረም ሄጄ ከጥዋት እስከ ቀትር ከቆየሁ በኋላ ሹሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ «መሄድ ይችላሉ» አለኝ። የመሄድ ዐቅም እንዳለኝ ሊነግረኝ አልነበረም፤ ፈቃድም ሊሰጠኝ አልነበረም፤ ፈቃድ አልጠየቅሁምና። ውጣ ማለቱ ነበር። ወረቀቴ ሳይፈረም ወጣሁ። እንግዲህ «ይችላሉ» ትእዛዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንቶኔሊን የሚደግፍ ጠበቃ ቢኖር «አማርኛችሁ ራሱ በትሕትና ቃል ትእዛዝን ይሸፍናል፤ ‹ይቻላቸዋል› የተባለውም በጨዋ ቋንቋ ግዴታን መግለጽ ነው» ሊል ይችላል። ይህን መከራከሪያ ከመናቅ ይልቅ ፊት ለፊት መመለስ ይሻላል።

ይህ ጥያቄ በሌላም አገር የተነሣ ነው። ከውጫሌ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1880፣ የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት ዶክተር ጁሊየስ የተባለ ሰው በኦክስፎርድ ጳጳስ ላይ ያቀረበውን ክስ ተመልክቷል። በ1840 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ጳጳሱ በአንድ ካህን ላይ አጣሪ ጉባኤ እንዲያቆም «የተፈቀደ ይሆናል» ይላል። ከሳሹ «ይህ ግዴታ ነው» አለ፤ ጳጳሱ «መብቴ ነው» አለ። ዳኞቹ የፈረዱት ለጳጳሱ ነው። ቃሉ በባሕርዩ ሥልጣንን ይሰጣል እንጂ ግዴታን አያመጣም፤ ግዴታ የሚመጣ ከሆነ ከቃሉ ውጭ ካለው ነገር፣ ይኸውም ከሥራው ዓይነትና መብቱ ከተሰጠው ሰው ሁኔታ ነው፤ ያንንም የማስረዳት ሸክም ግዴታ ነው ባዩ ላይ ነው አሉ። ይህ ፍርድ ስለ እንግሊዝኛ እንጂ ስለ አማርኛ የተሰጠ አይደለም፤ ቢሆንም መለኪያው ለእኛም የሚያገለግል ሆኖ አገኘሁት።

በዚህ መለኪያ የቢሮው ሹም ቃል ትእዛዝ የሆነው ስለ ምንድን ነው? ተናጋሪው የበላይ፣ ሰሚው የበታች ስለሆነ ነው፤ ሥራው በተናጋሪው እጅ ስለሆነ ነው። እኔ ለሹሙ «መሄድ ይችላሉ» ብለው ትእዛዝ አይሆንም፤ ድፍረት ወይም ቀልድ ይሆናል። ትእዛዙ ያለው በግሱ ውስጥ ሳይሆን በወንበሩ ላይ ነው። በውጫሌ ማን በወንበር፣ ማን በደጅ ነበር? በውሉ መቅድም የተጠቀሱት ሁለት ነገሥታት ናቸው፤ የሚዋዋሉትም ስለ ወዳጅነትና ስለ ንግድ ነው። የበላይና የበታች መኖሩ ራሱ መረጋገጥ ያለበት ነገር ስለሆነ «ይቻላቸዋል»ን ግዴታ ነው ለማለት የኢጣልያን የበላይነት አስቀድሞ ማመን ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ ሊረጋገጥ የተፈለገውን ነገር እንደ ማስረጃ ማቅረብ ነው።

ሁለተኛም የዐረፍተ ነገሩ አሠራር አለ። በአማርኛ አንድን መንገድ ለይቶ ሌላውን መዝጋት የፈለገ ሰው ወይ «ብቻ» ይላል፣ ወይ አነጋገሩን ገልብጦ «የሚቻላቸው በኢጣልያ በኩል ነው» ይላል። «ነው» ወደ መጨረሻ ሲመጣና ግሱ «የሚ» ሲይዝ ማንኛውም የወሎ ገበሬ ሌላው መንገድ እንደ ተዘጋ ያውቃል። በ17ኛው አንቀጽ ይህም ያም የለም። በዚህ ላይ ጉዳዩ ንጉሠ ነገሥቱ «የሚፈልጉት» ጉዳይ ነው ተብሏል፤ መፈለግ ወይም አለመፈለግ የእርሳቸው ነው። አማርኛው በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሊሆን አይችልም ነበር።

ወደ ጣልያንኛው ስንመጣ የምናገኘው ቃል «ኮንሴንቴ» የሚለው ነው። ትርጕሙ «ይፈቅዳሉ»፣ «ይስማማሉ» ነው፤ ከውጭ መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ ሁሉ በኢጣልያ መንግሥት ለመጠቀም ይስማማሉ የሚል ነው። እንግዲህ በትምህርት ቤት እንደ ተነገረን «ግዴታ አለባቸው» አይልም። ቢሆንም ከአማርኛው በጣም ይርቃል፤ የተስማማ ሰው ቃል ሰጥቷል፣ ቃል የሰጠም ይጠየቅበታል። የሚገርመው አንዱ የሌላው ትርጕም መምሰል አለመቻሉ ነው። ጣልያንኛው ከአማርኛው የተተረጐመ ቢሆን ኖሮ «ፑኦ» ወይም «ፖትራ»፣ ማለት «ይችላል» የሚል ቃል ማስገባት ቀላል ነበር፤ እነዚህ በጣልያንኛ ሕፃን የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። አማርኛው ከጣልያንኛው የተተረጐመ ቢሆን ኖሮ ደግሞ «ፈቅደዋል» ወይም «ተስማምተዋል» ለማለት የሚከለክል አልነበረም። ሁለቱም ወገን ቀላሉን ቃል ትቶ ሌላ ጻፈ። ስለዚህ ነገሩን «የአስተርጓሚ ስሕተት» ብሎ መዝጋት የሚያጠግብ ሆኖ አልታየኝም።

ግዴታ የሚለው አሳብ በግልጽ የታየው ከውሉ ላይ ሳይሆን ከውሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1889 የኢጣልያ መንግሥት በበርሊን ስምምነት 34ኛ አንቀጽ መሠረት ለኀያላን መንግሥታት ማስታወቂያ ላከ፤ በዚህም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በኢጣልያ በኩል እንደሚላላኩ አስታወቀ። 34ኛው አንቀጽ በአፍሪካ ጠረፍ አዲስ ግዛት የያዘ ወይም ሌላውን በጥበቃው ሥር ያደረገ መንግሥት ለሌሎቹ እንዲያስታውቅ የሚያዝ ነው። እዚህ ላይ «ኮንሴንቴ» የሚለው ቃል ወንበር አገኘ። በወዳጅነት ውል ውስጥ ስምምነት የነበረው በዚህ ማስታወቂያ የበታችነት ሆነ። በአውሮፓ ካርታዎችም ላይ አገራችን በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ያለች ተደርጋ ተሣለች።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ይህንኑ ለአውሮፓ ነገሥታት በራሳቸው ደብዳቤ አስታወቁ። ይህ ራሱ ቃሉን እንዴት እንደ ተረዱት የሚያሳይ ታላቅ ማስረጃ ነው፤ ግዴታ ነው ብለው ቢያምኑ በቀጥታ ባልጻፉም ነበር። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግን በውሉ መሠረት መላላኩ በኢጣልያ በኩል መሆኑን የሚያሳስብ ነበር። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የአማርኛውና የጣልያንኛው ጽሑፍ እንደማይስማሙ፣ እርሳቸውም በወዳጅነት እገዛን እንጂ ግዴታን እንዳልተቀበሉ አስታወቁ።

ኢጣልያኖች የጣልያንኛውን ጽሑፍ ይዘው እንዳይከራከሩ የሚያደርግ አንድ ነገር በውሉ ውስጥ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን አያነሣውም። 19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙ መሆናቸውን ገልጾ ሁለቱም በእኩል የጸኑ ናቸው ይላል። ይህ አንቀጽ በ17ኛው ላይ ሲነበብ የሚያሥቅም የሚያሳዝንም ነው። ከሕግ አንጻር ግን ትርጕሙ ቀላል ነው፤ አንዱ ጽሑፍ ሌላውን ሊሽረው አይችልም፣ ሁለቱ ካልተስማሙም በዚያ ነገር ላይ ስምምነት አልተደረገም።

አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ1890 መጨረሻ ተመልሶ መጣ። እቴጌ ጣይቱ በዚህ ክርክር ጊዜ የጥበቃን አሳብ አጥብቀው ከተቃወሙት ዋነኛዋ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1891 መጀመሪያ ስምምነት የተገኘ መሰለና አንቶኔሊ የአማርኛውን ጽሑፍ ፈረመ። ቆይቶ ሲተረጐምለት ግን እርሱ ጸንቶ ይኖራል ብሎ ያሰበው 17ኛው አንቀጽ የተሠረዘ መሆኑን የሚናገር ሆኖ ተገኘ። ተቈጥቶ ከጥቂት ቀን በኋላ አዲስ አበባን ለቆ ሄደ። ይህን ያነበበ ሰው ሳይሥቅ አያልፍም፤ በውጫሌ በአማርኛው ላይ ብዙ ያልተጨነቀው ሰው በአማርኛው ተያዘ። ዳሩ ግን እኔ ይህን ታሪክ ከሥቅ በላይ ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ። «አማርኛውን በሚገባ ስለማያውቅ ነው» የሚለው ምክንያት ለሁለተኛው ጊዜ ሊያገለግል ይችል ይሆናል፤ ለመጀመሪያው ጊዜ ግን አይበቃም፤ «ይቻላቸዋል» በሸዋ ለዓመታት የተመላለሰ ሰው በየቀኑ የሚሰማው ቃል ነውና።

ይህ ጕዳይ በሊቃውንት መካከልም አከራክሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ስለዚሁ አንቀጽ ጽፎ አማርኛው የማያሻማ መሆኑን፣ ጥፋቱም የአንቶኔሊ መሆኑን አስረዳ። ኢጣልያዊው ፕሮፌሰር ካርሎ ጂሊዮ በ1965 መልስ ጻፈ፤ ሩበንሰንም በ1966 መልሶ ጻፈ። የእኔ ዐቅም በእነዚህ መካከል ለመፍረድ አይደለም። ስለ አንቶኔሊ ልብ ለማወቅ በሮማ ያሉትን መዛግብት ማገላበጥ ይጠይቃል። ስለ ቃሉ ግን የአንቶኔሊን ልብ ማወቅ አያስፈልግም፤ አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ዳኛ ነው። በዚህ ነገር ላይ የሩበንሰን አስተያየት የጸና መስሎ ይታየኛል፤ ይሁን እንጂ «ጣልያንኛው ግዴታ ይላል» የሚለውን የመማሪያ መጻሕፍት አነጋገር ብናርመው የእኛ ክርክር ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። ጣልያንኛውም ቢሆን ጥበቃን የሚያህል ነገር ለመሸከም የማይችል ቃል ነበርና።

የቀረው የታወቀ ነው። በ16ኛው አንቀጽ መሠረት ውሉ አምስት ዓመት ሲሞላው በአንድ ዓመት ማስጠንቀቂያ ሊለወጥ ይቻል ስለነበር፣ ምኒልክ በዚያ ተጠቅመው በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉ እንዲያበቃ መወሰናቸውን ለመንግሥታት አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ፈረሰ፣ የኢትዮጵያም ፍጹም ነጻነት ታወቀ።

መዝገበ ቃላት በዚያን ጊዜ አልነበረም እንዳይባል፣ ኢዘንበርግ በ1841 ለንደን ላይ፣ ዳባዲም በ1881 ፓሪስ ላይ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው በፈረንሳይኛ የተፈታ ነው። ኢጣልያዊው ሊቅ ኢኛትሲዮ ጊዲ አማርኛን በጣልያንኛ የሚፈታውን ታላቅ መዝገበ ቃላቱን በሮማ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1901፣ ከውጫሌ 12 ዓመት፣ ከአድዋም አምስት ዓመት በኋላ ነው።